በብሮድዌይ መድረክ ላይ መብራቱን የሚያዝዘው ማን ነው?

ለብሮድዌይ ቴአትሮች በየዓመቱ በሚሰጠው የቶኒ ሽልማት፣ በ2025 በሙዚቃዊ ተውኔት ዘርፍ የምርጥ መብራት ዲዛይን ሽልማትን የወሰደው በሴይንት ጄምስ ቴአትር ይታይ የነበረው «ሰንሴት ቡሌቫርድ» ሲሆን፣ ተሸላሚው ዲዛይነር ጃክ ኖውልስ ነበር። በዚህ ዝግጅት መድረኩ ባዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዓመታት በፊት በቀረበው የመጀመሪያው የብሮድዌይ ዝግጅት ተመልካቹን ያስደምም የነበረው ግዙፍ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ቀርቶ፣ በቦታው የተተኩት ጭስ፣ ጨለማ፣ ብርሃንና አንድ ትልቅ የቪዲዮ ስክሪን ነበሩ። አዳራሹን ሳሎን የሚያደርገው፣ ሳሎኑንም መልሶ የፊልም ስቱዲዮ የሚያደርገው በዋናነት ብርሃኑ ነበር።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ግምቶች ይከተላሉ። አንደኛው የመድረክ መብራት ሥራው ተዋናዩ እንዲታይ ማድረግ ብቻ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ሁሉንም ነገር ኮምፒውተር ስለሚያከናውነው የሰው ድርሻ ማሽኑን አስነስቶ ዳር ቆሞ ማየት ነው የሚለው ነው። ይበልጥ መታረም ያለበት ሁለተኛው ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ መብራት በየትኛው ትዕይንት ምን መምሰል እንዳለበት ያስታውሳል፤ ለውጡ በየትኛው ቅጽበት መምጣት እንዳለበት የሚወስነው ግን በአብዛኛው እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሮድዌይ ሲባል የቱ ነው?

ብሮድዌይ ማንሃተንን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ የኒው ዮርክ ጎዳና ነው። በቴአትር ሰዎች ዘንድ ግን ስሙ የሚያመለክተው 500 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸውን 41 ቴአትር ቤቶች ነው። አብዛኞቹ የሚገኙት በጎዳናው ላይ ሳይሆን በታይምስ ስኩዌር ዙሪያ ጎዳናውን በሚያቋርጡት መንገዶች ላይ ነው።

ከውጭ ለሚያየው ሰው የማይገመት አንድ ነገር አለ። ቴአትር ቤቶቹ ለፕሮዲዩሰሮች የሚከራዩት ባዷቸውን ነው ማለት ይቻላል። ወንበርና መጋረጃ ይኖራል፣ የኤሌክትሪክ መስመርም ይኖራል፤ ከመድረኩ በላይ የሚሰቀሉት መቶዎች መብራቶች፣ ኬብሎቹና መቆጣጠሪያው ግን ከቴአትር ቤቱ ጋር አይመጡም። እያንዳንዱ ትርኢት የራሱን መሣሪያ ከአከራይ ድርጅቶች በሳምንታዊ ኪራይ ይወስዳል፤ ኪራዩም ትርኢቱ እስካለ ድረስ ከተዋናዮቹ ደመወዝ ጋር አብሮ በየሳምንቱ የሚከፈል ወጪ ነው። ስለዚህ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ወደ አንድ ቴአትር ቤት ገባ ሲባል፣ በጭነት መኪና የመጣ ዕቃ ለሳምንታት እየተራገፈ፣ እየተሰቀለና እየተገጠመ ነው ማለት ነው።

ይህ የመግቢያ ሥራ ስንት ሰው ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ በ2007 ብሮድዌይን አቁሞት ነበር። የመድረክ ሠራተኞች ማኅበር የሆነውና በ1886 የተመሠረተው ሎካል ዋን ከኖቬምበር 10 ጀምሮ ለ19 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ አብዛኞቹ ትርኢቶች ተዘግተዋል። ከክርክሩ ዋና ዋና ነጥቦች አንዱም ዕቃው ሲገባ በሥራ ላይ መገኘት ያለበት ዝቅተኛው የሠራተኛ ብዛት ነበር።

ዲዛይነሩ ምን ይሠራል?

የመብራት ዲዛይነር የሚባለው ሙያ ራሱን የቻለው ዘግይቶ ነው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሥራውን ደርቦ የሚይዘው የመድረክ ግንባታ ነዳፊው ወይም የቴአትር ቤቱ ኤሌክትሪሽያን ነበር። በ1932 በዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስታንሊ ማካንድለስ አንድ ቀላል የሚመስል ዘዴ በጽሑፍ አወጣ። ተዋናዩን ከፊት ለፊት በአንድ መብራት ብትመታው ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ ከግራና ከቀኝ በሁለት መብራቶች፣ አንዱን ሞቅ ባለ ሌላውን ቀዝቀዝ ባለ ቀለም ብታበራለት ግን አፍንጫው፣ ጉንጩና ዓይኑ ቅርጽ ያገኛሉ። ዛሬም በብዙ የቴአትር ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣችው ጂን ሮዘንታል ሥራውን ሙያ አደረገችው። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»፣ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» እና «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ብርሃናቸውን ያገኙት ከእርሷ ነው። ለዳንስ ትርኢቶች ትሠራ ስለነበር ከጎን የሚመጣ ብርሃን የሚሰጠውን ጥቅም ጠንቅቃ ታውቀው ነበር። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ወለሉን ሳይነካ ገላውን ብቻ ስለሚያገኘው፣ ዳንሰኛው ከወለሉ ተነጥሎ በአየር ላይ የተቀረጸ ይመስላል። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ሰውየውን ከግድግዳው ይለያል፤ ከላይ በቀጥታ የሚወርደው ብቸኛ ያደርገዋል፤ ከታች የሚመጣው ያስፈራል። ዲዛይነሩ አቅጣጫን፣ ቀለምን፣ መጠንንና የለውጡን ፍጥነት እያቀናጀ ተመልካቹ የት እንዲያይ ይመራዋል። ሠላሳ ሰው በሚጨፍርበት መድረክ ላይ ማንም ሳይነግርህ አንዲቱን ሴት የምታያት ከሆነ፣ ሌሎቹ ሃያ ዘጠኝ ቀስ እያሉ ደብዘዝ በማለታቸው ሊሆን ይችላል።

የቶኒ ሽልማት ለዚህ ሙያ ዘርፍ የከፈተው በ1970 ነው። በ2005 ደግሞ ተውኔቱንና ሙዚቃዊ ተውኔቱን ለየብቻ መሸለም ጀመረ፤ የሁለቱ የሥራ መጠን የማይመጣጠን ስለሆነ የዘገየ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ።

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት እንዴት ይሠራ ነበር?

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብሮድዌይ ፒያኖ ቦርድ በሚባሉ መቆጣጠሪያዎች ይሠራ ነበር። ስማቸውን ያገኙት የሚጓጓዙበት ትልቅ የእንጨት ሣጥን የቆመ ፒያኖ ስለሚመስል ነው። በሣጥኑ ውስጥ ኤሌክትሪኩን በመቃወም የብርሃኑን መጠን የሚቀንሱ ከባድ የብረት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ በፊት ለፊቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ እጀታ አለ። አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት እንዲህ ያሉ ብዙ ቦርዶችና ብዙ ኤሌክትሪሽያኖች ይፈልግ ነበር። እጅ ሲያጥር በክርንና በጉልበት፣ አንዳንዴም ብዙ እጀታ በአንድ ጊዜ በሚገፋ ጣውላ ይሠሩ ነበር። ቦርዱ ብዙ ጊዜ የሚቆመው መድረኩ በማይታይበት ጥግ ስለነበር፣ ሰዎቹ የሚያበሩትን ትዕይንት ራሳቸው አያዩትም።

ይህ አሠራር ያን ያህል የቆየበት አንድ ምክንያት ኤሌክትሪኩ ነው። የብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች ከኤዲሰን ዘመን የወረሱት ቀጥታ ጅረት ነበር፤ የብርሃኑን መጠን የሚቀንሱትና የሚጨምሩት ኤሌክትሮኒክ ዲመሮች ደግሞ የሚፈልጉት ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በነገራችን ላይ ኮን ኤዲሰን የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በማንሃተን የቀረውን የቀጥታ ጅረት አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ያቋረጠው በ2007 ነው።

ለውጡን ያመጣችው ታሮን መሰር ናት። በ1975 «ኤ ኮረስ ላይን» ወደ ሹበርት ቴአትር ሲዛወር መብራቱ በኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ እንዲመራ አደረገች፤ በብሮድዌይ ታሪክም የመጀመሪያው ሆነ። ተውኔቱ ለሥራ የሚፈተኑ ዳንሰኞች ታሪክ ነው፤ መድረኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ከኋላው መስታወት አለ። ከልምምድ ክፍሉ ወደ አንድ ዳንሰኛ የውስጥ ሐሳብ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ልምምድ ክፍሉ የሚያሸጋግረው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ ሽግግሩም በሙዚቃው ምት ላይ በትክክል መውደቅ አለበት። በእጀታና በጣውላ ይህን በሳምንት ስምንት ጊዜ ሳያዛንፉ መድገም አይቻልም ነበር። መሰር በ1976 ቶኒ ተሸለመች፤ ትርኢቱ በ1990 እስኪዘጋ ድረስ 6,137 ጊዜ ታይቷል።

ዛሬ ትእዛዙ ከመቆጣጠሪያው ወደ መብራቱ እንዴት ይደርሳል?

የዛሬው መቆጣጠሪያ ኮንሶል ይባላል። ስክሪኖችና ቁልፎች ያሉት ኮምፒውተር ነው። ኮንሶሉና መብራቶቹ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በ1986 በወጣውና ዲኤምኤክስ 512 በሚባለው ቋንቋ ነው። አሠራሩን ለመረዳት 512 የፖስታ ሣጥኖች ያሉት አንድ ፖስታ ቤት ማሰብ ይበቃል። ኮንሶሉ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ሁሉንም ሣጥኖች በሰከንድ እስከ 44 ጊዜ ያህል እየደጋገመ ያድሳል። እያንዳንዱ መብራት የራሱን የሣጥን ቁጥር ስለሚያውቅ የሌላውን ሳይነካ የራሱን ብቻ ከፍቶ ያነባል። ተራ መብራት አንድ ሣጥን ይበቃዋል፤ 0 ከሆነ ይጠፋል፣ 255 ከሆነ ሙሉ ይበራል። የሚንቀሳቀስ መብራት ግን ለአቅጣጫው፣ ለከፍታው፣ ለቀለሙ፣ ለጨረሩ ስፋትና ለሌላውም የተለያየ ሣጥን ስለሚፈልግ ብቻውን ሠላሳና አርባ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ትርኢት የሚጠቀመው አንድ ፖስታ ቤት ሳይሆን ብዙ ነው።

መብራቶቹም ተለውጠዋል። በቀድሞው አምፖል ሰማያዊ ብርሃን የሚገኘው ነጩን ብርሃን ባለቀለም ፕላስቲክ ላይ አሳልፎ ሰማያዊ ያልሆነውን በማስቀረት ነበር፤ የሚበዛው ብርሃን ሙቀት ሆኖ ይባክናል ማለት ነው። ኤልኢዲ ግን የሚፈለገውን ቀለም ከመነሻው ያመነጫል፤ ኤሌክትሪክም ሙቀትም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ዲዛይነሮች በደስታ ብቻ አልተቀበሉትም። የአምፖል ሽቦ ሲደበዝዝ ቀስ እያለ ወደ ብርቱካናማና ቀይ ያዘነብላል፣ የመጨረሻዋ ፍንጣቂም ሳትታወቅ ትከስማለች። የጥንቶቹ ኤልኢዲዎች ግን ደብዝዘው ደብዝዘው መጨረሻው ላይ ድንገት ይቆረጡ ነበር። ዛሬ አምራቾቹ ይህን መቅላትና ቀስ ያለ አከሳሰም በሶፍትዌር ይኮርጁታል። ሌላው ቅሬታ ከድምፅ ክፍሉ የሚመጣ ነው፤ እነዚህ መብራቶች ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አላቸው፣ መቶ ማራገቢያ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲዞር ደግሞ በሹክሹክታ የሚነገር ንግግር ላይ ይሰማል።

«ኪው» ምንድን ነው? ማን ይጽፈዋል?

ኪው ማለት ቁጥር የተሰጠው አንድ ለውጥ ነው። ለምሳሌ ኪው 84 «መድረኩ በሰባት ሰከንድ ወደ ምሽት ይለወጥ» ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት እንዲህ ያሉ መቶዎች ኪዎች አሉት።

የሚጻፉት ቴክ በሚባለው የልምምድ ወቅት ነው። በተመልካቹ ወንበሮች ላይ ጣውላ ተዘርግቶ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ዲዛይነሩ፣ ረዳቱና ኮንሶሉን የሚያዘው ፕሮግራመር በላዩ ላይ ስክሪኖቻቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። ተዋናዮቹ ሁለት መስመር ተናግረው ይቆማሉ፣ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ ያንኑ ሁለት መስመር ይደግማሉ። በጣም የሚበዛው የቴክ ቀን «አሥር ከአሥራ ሁለት» ይባላል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ አሥሩ ሥራ፣ ሁለቱ ዕረፍት ነው ማለት ነው። በኪው 84 እና በ85 መካከል አዲስ ለውጥ ሲያስፈልግ ያለውን ቁጥር ሁሉ ማዛወር ስለማይቻል አዲሱ 84.5 ይባላል። በብዙ ነጥብ የተሞላ ገጽ ካያችሁ፣ ያ ትዕይንት ብዙ ጊዜ ፈርሶ የተሠራ ነው።

ከዚያ ፕሪቪው ይከተላል። ተመልካቹ ትኬት ገዝቶ ይገባል፤ ዝግጅቱ ግን ቀን ቀን እየተለወጠ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከባድ የቴክኒክ ችግር የገጠመው «ስፓይደር ማን፦ ተርን ኦፍ ዘ ዳርክ» ግን በጁን 2011 በይፋ እስኪከፈት ድረስ 182 ፕሪቪዎችን አሳይቷል። ይፋዊው መክፈቻ ሲቃረብ ትርኢቱ «ይረጋል»፤ ከዚያ ወዲያ ማንም፣ ዲዛይነሩም ጭምር፣ እንደፈለገ አይነካውም። ዲዛይነሩ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በ1988 ተከፍቶ በ2023 የተዘጋው «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» 13,981 ጊዜ ሲታይ፣ በእነዚያ ሁሉ ምሽቶች ብርሃኑን የጠበቁት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው?

ስቴጅ ማናጀሩ፣ ማለትም በትርኢቱ ሰዓት ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብረው ሰው ነው። በሙዚቃዊ ተውኔት ብዙውን ጊዜ ስቴጅ ማናጀሮቹ ሦስት ናቸው፤ ትእዛዝ የመስጠቱን ሥራ እየተፈራረቁ ይሠሩታል። የሚሠራው ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ሙሉው ድርሰት ተከፍቷል፤ በኅዳጉ የመብራት፣ የድምፅ፣ የመጋረጃና የተንቀሳቃሽ መድረክ ኪዎች፣ አንዳንዴ በአንድ ቃል ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ የከበሮ ምት ላይ በእርሳስ ተመልክተዋል። ከፊቱ ጥቂት ስክሪኖች አሉ። አንዱ መድረኩን ከፊት ያሳየዋል፣ ሌላው የኦርኬስትራውን መሪ እጅ፣ ሌላው ደግሞ በኢንፍራሬድ ካሜራ ጨለማውን ያሳየዋል። ተመልካቹ ምንም በማያይበት የጨለማ ቅጽበት አንድ ተዋናይ ከሚንቀሳቀሰው ወለል ላይ መውረዱን ወይም አለመውረዱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ተዋናዮቹ ራሳቸው በጨለማ የሚመሩት ወለሉ ላይ በተለጠፈ፣ ብርሃን አምቆ በሚያበራ ቴፕ ነው።

አነጋገሩ ያጠረ ነው። መጀመሪያ «ስታንድ ባይ መብራት 84» ይላል፤ ኮንሶሉ ላይ ያለው ኦፕሬተር መዘጋጀቱን ያረጋግጣል። ከዚያ «መብራት 84» ብሎ ትንሽ ቆም ይላልና ቅጽበቱ ሲደርስ «ጎ» ይላል። ኦፕሬተሩ ቁልፉን የሚጫነው ያቺን አንድ ቃል ሲሰማ ብቻ ነው። ስለሆነም በዚያ የሬዲዮ መስመር ላይ ለሌላ ጉዳይ «ጎ» ማለት ነውር ነው፤ ሌላ ቃል ይፈለጋል። ትእዛዙ የሚሰማበትን የጆሮ ማዳመጫ (ሄድሴት) ለማድረግ ለማይመቸው ሠራተኛ ትንሽ አምፖል ይሰቀልለታል። አምፖሏ ስትበራ ተዘጋጅ፣ ስትጠፋ ሥራ ማለት ነው። ጀማሪውን የሚያደናግረው ይህ መጥፋት ትእዛዝ መሆኑ ነው።

ኮምፒውተሩ ብቻውን ለምን አይሠራውም?

አንዳንዱን ይሠራዋል። ቀድሞ በተቀዳ ምት የሚሄድ ዘፈን ላይ መብራቶቹ ከምቱ ጋር በታይምኮድ፣ ማለትም ከቅጂው ጋር አብሮ በሚሄድ የሰዓት ምልክት፣ ታስረው ያለ ሰው ትእዛዝ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ በፍጥነታቸው የሰው እጅ የማይደርስባቸው ለውጦችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ሌላው ግን በየምሽቱ ይለያያል። የኦርኬስትራው መሪ ዛሬ ጥቂት ይዘገያል፤ የቅዳሜ ተመልካች ከማክሰኞው ይልቅ ይስቃል፣ ሳቁ እስኪበርድ ተዋናዩ ይጠብቃል፤ ዘፋኟ የመጨረሻዋን ድምፅ ዛሬ አስረዝማ ትይዛለች። ብርሃኑ ከድምፁ ቀድሞ ቢጠፋ ጭብጨባውን ይገድለዋል፤ ዘግይቶ ቢጠፋ ዘፋኟን አፏን ከፍታ ያስቀራታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።

ከአዳራሹ ኋላ፣ ከላይ፣ ሌላም የሰው እጅ አለ። ዋና ተዋናዮቹን የሚከተሉት ስፖት ላይቶች ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ሰው ቆሞ ይመራቸዋል። ተዋናይቱ ደረጃ ስትወርድ ክቡ እኩል መውረድ አለበት፤ ከወገብ በላይ ብቻ ይሁን ከተባለ ጫማዋ ላይ መድረስ የለበትም። ተዋናዩ የለበሰውን ምልክት አንብበው ራሳቸው የሚከተሉ ማሽኖች መጥተዋል፤ ይሁንና ተዋናዩ ከመዞሩ በፊት ሊዞር መሆኑን ከትከሻው አይቶ የሚያውቅ ልምድ ያለው ኦፕሬተር አሁንም ይመረጣል።

መብራቱ ሲበላሽስ?

አንድ መብራት ቢቃጠል ትርኢቱ ይቀጥላል፤ ተመልካቹም ላያውቀው ይችላል። ኮንሶሉ ቢቆም ተጠባባቂው ይረከባል። ትርኢቱን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ከደህንነት ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ለምሳሌ የሚንቀሳቀሰው ወለል በቦታው ካልቆመ ስቴጅ ማናጀሩ ሁሉንም ያቆምና በድምፅ ማጉያ ተመልካቹን ይቅርታ ይጠይቃል።

የከተማው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ግን ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ጁላይ 13 ቀን 2019፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ትርኢቶቹ ሊጀምሩ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራቸው የማንሃተን ምዕራባዊ ክፍል በጨለማ ተዋጠ። በኋላ ኮን ኤዲሰን እንዳስረዳው፣ የተበላሸን ኬብል ለይቶ መቁረጥ የነበረበት የመከላከያ ሥርዓት በትክክል አልሠራም ነበር። ቴአትር ቤቶቹ የአደጋ ጊዜ መብራት አላቸው፤ እርሱ ግን ሰው ተረጋግቶ እንዲወጣ እንጂ ትርኢት እንዲካሄድበት የተሠራ አይደለም። አብዛኞቹ ትርኢቶች ተሰረዙ። የ«ሄድስታውን»፣ የ«ዌይትረስ» እና የ«ካም ፍሮም አዌይ» ተዋናዮች የመጡባቸውን ተመልካቾች ላለማሳፈር ወጥተው መንገድ ላይ ዘፈኑላቸው።

ሥራ ሲያልቅ ሌሊቱን መድረኩ መካከል በርቶ የሚቆመው ብቸኛ አምፖል ጎስት ላይት ይባላል። ስለ መናፍስት ብዙ ይወራበታል፤ ተግባሩ ግን ቀድሞ የገባ ሠራተኛ በጨለማ ወደ ኦርኬስትራው ጉድጓድ እንዳይወድቅ ነው። ከማርች 12 ቀን 2020 ጀምሮ ብሮድዌይ በኮቪድ ምክንያት ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲዘጋ በየጋዜጣው የወጣው ፎቶ የዚህ አምፖል ነበር።

ትርኢቱ ሲዘጋ ምን ይቀራል?

መሣሪያው ይፈታና ወደ አከራዩ ይመለሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ትርኢት ይከራያል። የሚቀረው ወረቀትና ፋይል ነው፤ የመብራቶቹ አሰቃቀል ሥዕል፣ የኪዎቹ ዝርዝርና ስቴጅ ማናጀሩ በእርሳስ የሞላው ድርሰት። ትርኢቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዞር በአነሰ የመብራት ብዛት እንደገና ይሠራል፤ በየከተማው መብራቶቹ ተሰቅለው አንድ በአንድ ይነጣጠራሉ፣ የኪዎቹ ቁጥሮች ግን ብዙውን ጊዜ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ዲዛይነሩም በዲዛይነሮች ማኅበር ስምምነት መሠረት ከመነሻው ክፍያ በተጨማሪ ሥራው እስከታየ ድረስ ሳምንታዊ ክፍያ ያገኛል። ለረጅም ዓመታት የሚቆይ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚገኘው አድናቆት ይልቅ፣ የአንድን ዲዛይነር ኑሮ የሚለውጠው በዚህ ምክንያት ነው።